ያልተመሰከረለት ግልባጭ፦ የኮምፒዩተር መዛግብትን ስለ መገልበጥና ስለ መመለስ

፩. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ ስለ ኮምፒዩተር መጻፍ ከሙያ መውጣት የሚመስላቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንኑ እል ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ የሥነ ቃል ተመራማሪ ከመስክ ይዞት የሚመለሰው ድምፅም ሆነ ጽሑፍ የሚያድረው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለሆነም የዚህን ማደሪያ ጠባይ አለማወቅ፣ ብራና የሚያጠና ሰው ስለ ብልና ስለ ርጥበት ደንታ ቢስ ከመሆኑ አይለይም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዩኒክስና የዩኒክስ ዝርያ በሆኑት፣ እንደ ሊኑክስ ባሉት ሥርዓቶች መዛግብት እንዴት እንደሚገለበጡና ከጥፋት በኋላ እንዴት እንደሚመለሱ ማስረዳት ነው። መነሻዬ የራሴ ጥፋት ነው። ላስረግጠው የምፈልገውም ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም ተመልሶ ያልተነበበ ግልባጭ ከግልባጭ አይቈጠርም የሚል ነው።

፪. የጠፋው ድምፅ

ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በወላይታ ዞን ወረዳዎች እየተዘዋወርሁ ተረትና አፈ ታሪክ በካሴት እቀርጽ ነበር። ከተራኪዎቹ አንዱ በኪንዶ ኮይሻ የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ስለ ተማረኩበት ዘመቻ ከአያታቸው የሰሙትን ሲያወርዱት ድምፃቸው ይለወጣል። የንጉሡን ቃል ሲናገሩ ያዘግማሉ፤ የመልእክተኛውን ሲናገሩ ይፈጥናሉ፤ ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታ ወደ ወረቀት ላወርደው ሞክሬ አልሆነልኝም። "ካሴቱ ይዞልኛል" ብዬ ተውሁት። አዛውንቱ በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ።

ካሴቶቹ 24 ነበሩ። ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር አስገብቼ ሶዶ ከተማ በሚገኘው ቤቴ ባለ አሮጌ ማሽን ላይ አኖርኋቸው። ማሽኑ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። ሊኑክስን የመረጥሁት ክፍያ ስለማይጠየቅበትና በየፍላሹ እየተላለፈ ፎልደር ከሚደብቀው ቫይረስ ያሳርፈኛል ብዬ ነው። ድምፁ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲያ ለካሴቶቹ ደንታ አልነበረኝም፤ በካርቶን ሆነው አልጋ ሥር ከረሙ።

ደግሞም ጠንቃቃ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ የማሽኑን መዛግብት ወደ ውጫዊ ዲስክ እገለብጥ ነበርና። ለሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ አላጓደልሁም። ማሽኑም ሥራው በሰላም መጠናቀቁን በየጊዜው ይነግረኛል። በጥር 2012 ዓ.ም. ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። አልደነገጥሁም። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ከግልባጩ መለስሁ። ደብዳቤዎቼ መጡ፤ የተረቶቹ የጽሑፍ ቅጂ መጣ፤ የአማርኛ ትርጉሙም መጣ። የድምፁን ፎልደር ስከፍት ግን ስሙ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። የሦስት ዓመቱን ግልባጭ ሁሉ አገላበጥሁ። በሁሉም ላይ ያው ስምና ያው ባዶነት ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ስለ ፋይል ሲስተም አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

፫. ስምና አካል

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ሊኑክስን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ አወጣው። ሁለቱም ስለ ፋይል ያላቸው አስተሳሰብ በመሠረቱ አንድ ነው።

በዚህ አስተሳሰብ መሠረት የፋይል ስም ሌላ፣ የፋይል አካል ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የሚባል ባለ ቁጥር የመዝገብ ካርድ አለው። ካርዱ የፋይሉን ባለቤት፣ ማን ሊያነበውና ማን ሊጽፍበት እንደሚችል፣ መጠኑን፣ መቼ እንደ ተለወጠ፣ ይዘቱም በዲስኩ ላይ የት የት እንደ ተቀመጠ ይይዛል። ስሙን ግን አይዝም። ስም የሚገኘው በፎልደሩ ነው። ፎልደር ማለት ስምንና የካርድ ቁጥርን ጎን ለጎን የያዘ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ አንድ ፋይል ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ይህ ሃርድ ሊንክ ይባላል። የዓለም ስምና የክርስትና ስም ያለው ሰው አንድ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ባለ ሁለት ስሙ ፋይልም አንድ ፋይል ነው። ይዘቱ ቢበላሽ በሁለቱም ስም የሚገኘው ያው ብልሹ ነው። "በሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ" የሚል ሰው ያስቀመጠው ሁለት አካል ይሁን ሁለት ስም አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የዛፉ ጉዳይ ነው። በዩኒክስ መዛግብት ሁሉ ከአንድ ሥር እንደሚበቅል ዛፍ ሆነው ይታያሉ። ዛፉ ግን ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተዳቀለ ሊሆን ይችላል። አንድ ዲስክ ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ፋይል ሲስተም ይኖረዋል። ከዚያም አንዱ ክፍል በሌላው ክፍል ባለ ባዶ ፎልደር ላይ ይገጠማል። ይህ ማውንት ማድረግ ይባላል። ከተገጠመ በኋላ ተጠቃሚው ስፌቱን አያየውም፤ ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ሲገባ ከአንዱ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላው መሻገሩ አይታወቀውም።

የእኔ ጥፋት የተወለደው ከዚህ ስፌት ላይ ነው። ድምፁ ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ በሁለተኛው ክፍል አስቀምጬው ነበር። የምጠቀምበት የመገልበጫ መሣሪያ ደግሞ የሚገለብጠው በትእዛዙ የተጠቀሰለትን አንድ ፋይል ሲስተም ብቻ ነው። እኔ የጠቀስሁለት የመጀመሪያውን ነበር። መሣሪያው ስፌቱ ድረስ ሄዶ ቆመ። ሁለተኛው ክፍል የተገጠመበትን ፎልደር በራሱ ወገን ባዶ ሆኖ ስላገኘው ባዶውን በታማኝነት ገለበጠው። ስለዚህ ማሽኑ "ሥራው ተጠናቋል" ሲለኝ አልዋሸም። የታዘዘው ሥራ ተጠናቋል፤ ያልታዘዘውን አልሠራም።

፬. ሦስቱ መገልበጫዎች

በዚህ ረገድ ብዙ መሣሪያዎች ቢኖሩም ጠባያቸው የተለያየ ሦስቱን ብናይ ይበቃል።

የመጀመሪያው እኔ የተጠቀምሁበት ዳምፕ ነው። ዳምፕ በፎልደርና በስም አይሄድም፤ ከሥር ገብቶ የአይኖድ ካርዶችን እየቈጠረ ፋይል ሲስተሙን በሙሉ ይገለብጣል። ባለቤትነትን፣ ፈቃድንና ሃርድ ሊንክን እንዳሉ ይጠብቃል። ዋና ብልኀቱ ከ0 እስከ 9 ያሉት ደረጃዎቹ ናቸው። ደረጃ 0 ሁሉንም ይገለብጣል። ከዚያ በላይ ያለ ደረጃ ከእርሱ ያነሰ ደረጃ ያለው የቅርብ ግልባጭ ከተወሰደ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል በዓመት አንድ ጊዜ ደረጃ 0፣ በየወሩ ደረጃ 1፣ በየሳምንቱ ደረጃ 2 ቢወሰድ፣ የሳምንቱ ግልባጭ የሚይዘው ከወሩ ግልባጭ ወዲህ የተለወጠውን ነው። በዚህ መንገድ ጊዜም ቦታም ይቈጠባል። ሆኖም ዳምፕ አንድ ድካም አለው፤ በሥራ ላይ ያለን፣ ሰው የሚጽፍበትን ፋይል ሲስተም ሲገለብጥ የተምታታ ቅጂ ሊያወጣ ይችላል። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 በሊኑክስ ላይ እንዲህ ማድረግ እንደማያስተማምን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ዳምፕ የሚወሰደው ፋይል ሲስተሙ ከዛፉ ተነቅሎ ወይም ለንባብ ብቻ ተደርጎ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ታር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣ ሲሆን፣ ስሙም ከቴፕና ከአርካይቭ የተውጣጣ ነው። ታር በስም ይሄዳል። ይህን ፎልደር ያዝ ሲሉት ከነልጅ ልጆቹ ጠቅልሎ አንድ ጥቅል ያደርገዋል። በልማዱ ስፌት ስለሚሻገር የእኔ ዓይነት ስሕተት በእርሱ ላይ በቀላሉ አይደርስም፤ ከአንድ ፋይል ሲስተም እንዳይወጣ ከታዘዘ ግን እርሱም እንደ ዳምፕ ስፌቱ ላይ ይቆማል። ጥቅሉ በልዩ ልዩ ማሽኖች ላይ ሊፈታ ስለሚችል ለአንድ የመስክ ስብስብ ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው አርሲንክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድሩ ትሪጅልና በፖል ማከራስ የተሠራ ነው። ምንጩንና ግልባጩን አነጻጽሮ ልዩነቱን ብቻ ያስተላልፋል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከምንጩ የጠፋውን ከግልባጩም እንዲያጠፋ ከታዘዘ መስተዋት ይሆናል። በመስተዋት ፊት የቆመ ሰው ጥርሱ ቢወልቅ በመስተዋቱም ውስጥ ጥርስ የለውም። ዛሬ በስሕተት የደለትነው ፋይል ዛሬ ማታ ከግልባጩም ይጠፋል ማለት ነው። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ይዘት እየተጻፈባቸው ጎን ለጎን የሚሠሩበት ዘዴም እንዲሁ ነው፤ ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከሰው ስሕተት አያድንም። የግልባጭ ወጉ የትናንቱንና ያለፈውን ወር መልክ ጭምር መያዝ ነው።

፭. መመለስ

ስለ መገልበጥ ብዙ ይነገራል፤ ስለ መመለስ ግን ጥቂት። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ከሞተ መመለስ የሚጀመረው ከራሱ ከማሽኑ ውጭ ነው። ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን ማስነሣት ያስፈልጋል። ቀጥሎ አዲሱን ዲስክ እንደ ድሮው መከፋፈልና በየክፍሉ ባዶ ፋይል ሲስተም መሥራት ይመጣል። ድሮ እንዴት ተከፋፍሎ እንደ ነበር የሚነግረን ግን ማን ነው? መረጃው የነበረው በሞተው ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ የክፍሎቹን ዝርዝርና የት የት እንደሚገጠሙ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በወረቀት አትሞ መያዝ ይገባል። እኔም ያን ወረቀት አትሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሁለት ፋይል ሲስተም እንዳለኝና አንዱን ብቻ እንደምገለብጥ በዓይኔ አይ ነበር።

ከዚያም የዳምፕ ጓደኛ በሆነው በሪስቶር አማካይነት ግልባጮቹ በቅደም ተከተል ይመለሳሉ፤ መጀመሪያ ደረጃ 0፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ደረጃ 1፣ ከዚያ የመጨረሻው ደረጃ 2። ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይቻልም። ሪስቶር በአንዱና በሌላው ግልባጭ መካከል የጠፉና ስማቸው የተለወጠ ፋይሎችን የሚያስታውስበት አንድ ማስታወሻ ፋይል በተመለሰው ፋይል ሲስተም ሥር ላይ ይተዋል። መመለሱ ሳይፈጸም ይህን ፋይል "ምን ይሠራል" ብሎ ማጥፋት የሥራውን ክር መበጠስ ነው። ሁሉም ደረጃ ተመልሶ ካበቃ በኋላ ግን ሊጠፋ ይችላል። በመጨረሻም ዲስኩ ማሽኑን የሚያስነሣ ከሆነ ማስነሻው ፕሮግራም እንደገና ይጫንበታል።

የጠፋው አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ሪስቶር በግልባጩ ውስጥ እንደ ቤት እያዘዋወረ የሚያሳይበት ዘዴ አለው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን መርጦ ያወጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ከነባሩ ላይ አለመመለስ ነው። ለብቻው በተዘጋጀ ባዶ ፎልደር አውጥቶ፣ አይቶና አንብቦ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ማኖር ይገባል። አለዚያ የዛሬን ሥራ በትናንት ሥራ መደምሰስ ይመጣል።

ማመሳከርም የመመለስ ክፍል ነው። ታርም ሪስቶርም ግልባጩን በዲስኩ ላይ ካለው ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ይናገራሉ። በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ ቁጥር አለ። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ቁጥሮቹን መዝግቦ በየጊዜው እንደገና ማስላት፣ ሁለት ብራና ጎን ለጎን ዘርግቶ ቃል በቃል እንደ ማመሳከር ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወግ ድጓ የተማረ ሰው ዜማውን በሌላ ጉባኤ ቤት ጠንቅቆ ቢያውቅም በጋይንቷ ቤተልሔም ማስመስከር ይጠበቅበታል። ዕውቀቱ ከመምህራኑ ፊት ተፈትኖ ካልተመሰከረለት መምህር ሆኖ ወንበር ለመዘርጋት አይበቃም። የኮምፒዩተር ግልባጭም ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩም መመለስ ነው። እኔ ለሦስት ዓመት ያከማቸሁት ያልተመሰከረለት ግልባጭ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብቻ አንዲት ተረት ከግልባጩ አውጥቼ ለመስማት ሞክሬ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በዚያው ዕለት ይታወቅ ነበር።

፮. የተመለሰው ፊደል

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ጽሑፎቹ በሙሉ እንደ ተመለሱ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን እዚያም ሌላ ነገር ገጠመኝ። በወላይትኛ የተጻፈው የተረቶቹ ቅጂ ያለ ችግር ተነበበ። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ለማነቅ ድምፅም የአኀዙ 7 ምልክት ስለሚያገለግል፣ ማንኛውም ማሽን ያነበዋል። የአማርኛው ትርጉም ግን የላቲን ፊደላትና የነጠብጣቦች ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ።

ምክንያቱ ከግልባጩ አይደለም። ኮምፒዩተር የሚያኖረው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ያገለግሉ የነበሩ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ቦታ እያስቀመጡ ነበር። ትርጉሙን የጻፍሁት ከእነዚህ በአንዱ ነው። ቁጥሮቹ አንድም ሳይጐድሉ ተመልሰዋል፤ ቁልፉ የሆነው ፎንት ግን አልተገለበጠም። ፎንቱ ከነበረበት አንድ አሮጌ ማሽን ሄጄ ወደ ዩኒኮድ እስከማስለውጥ ድረስ የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ተስኖኝ ነበር። ስለዚህ ግልባጭ ሲታሰብ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የሚነበብበትንም መንገድ ማሰብ ይገባል። በየትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ በዚያ ዘመን ፎንት ተጽፈው በሲዲ የተቀመጡ የመመረቂያ ጥናቶች ሳይዘገይ ወደ ዩኒኮድ ቢዛወሩ መልካም ነው።

፯. ሌላ ቤት ያደረ ቅጂ

የድምፁ ወሬ በተማሪዎቼ ዘንድ ሲሰማ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከአርባ ምንጭ ደወለልኝ። "መምህር፣ ጥቂቱ እኔ ጋ አለ" አለኝ። ለአባቱ ሊያሰማ ብሎ አምስት ተረቶች በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ ኖሯል። ያን ጊዜ ሳያስፈቅደኝ መውሰዱን ሰምቼ ቢሆን እቈጣው ነበር። ከአልጋ ሥር የወጡት ካሴቶች ደግሞ ብዙዎቹ ሻግተው ሲገኙ ዘጠኙ ተሰሙ። የዳነው ሁሉ የዳነው እኔ በዘረጋሁት ሥርዓት ሳይሆን ከእኔ ሥርዓት ውጭ በመገኘቱ ነው።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ በትልቁ የታየበት ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው ቤተ መጻሕፍት እየሠሩ ፊልሞቹን አንብበው የብዙዎቹን ይዘት በካታሎግ አውጥተዋል። የእርሳቸውን ሥራ እኔ እንደ ማስመስከር እቈጥረዋለሁ፤ ተነሥቶ የተቀመጠውን ፊልም ተነባቢ መሆኑን ያረጋገጠው ንባባቸው ነውና።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ መጽሐፈ ሄኖክ አለ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮጳ ሲደርሱ፣ በዚያ ለዘመናት ጠፋ የተባለው መጽሐፍ ተመልሶ ተነበበ። ኋላም በቁምራን ዋሻ የአረማይኩ ቁርጥራጭ ሲገኝ ከግዕዙ ጋር ማመሳከር ተቻለ። መጽሐፉ በምንጩ አገር ሲጠፋ ሌላ ቤት ያደረው ቅጂ አዳነው ማለት ነው።

የሙያው ሰዎች ይህን በአጭር ደንብ ይገልጹታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

፰. ማጠቃለያ

ዛሬ ሥርዓቴ እንዲህ ነው። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲቃረብ፣ የተጣላ በሚታረቅበት ሰሞን፣ ደረጃ 0 እወስዳለሁ፤ ሁለቱንም ፋይል ሲስተሞች በየስማቸው ጠርቼ ነው። በየወሩ ደረጃ 1፣ በየቅዳሜው ደረጃ 2 እወስዳለሁ። የድምፁን ስብስብ ለብቻው በታር ጠቅልዬ አንዱን አርባ ምንጭ፣ አንዱን አዲስ አበባ አኑሬአለሁ። በወር አንድ ጊዜ በዕጣ አንድ ፋይል መርጬ ከግልባጩ አውጥቼ እሰማለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ማሽኑ እንደ ሞተ ቈጥሬ በሌላ ባዶ ዲስክ ላይ ሁሉንም እመልሳለሁ። የመስክ ሥራ ይዞልኝ ለሚመጣ ተማሪም የግልባጩን መኖር አልጠይቀውም፤ ከግልባጩ አውጥቶ ፊቴ እንዲያሰማኝ እጠይቀዋለሁ።

የካዎ ጦና ትረካ ከዳኑት መካከል አይደለም። የጽሑፍ ቅጂው አለ፤ ቃሉ ሁሉ አለ። አዛውንቱ የመልእክተኛው ቃል ከመምጣቱ በፊት ዝም ያሉበት ቦታ ላይ እኔ ያኖርሁት ሦስት ነጥብ ነው። ያ ዝምታ ምን ያህል ይረዝም እንደ ነበር ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ከትዝታዬ ነው፤ ትዝታዬ ደግሞ ግልባጭ የለውም።